«አዝራር መጫን ብቻ ነው» እና ሌሎች ስህተቶች፦ ከሳንባ አቅም መለኪያ ክፍል

ክፍላችን ጠባብ ናት። አንድ ስፓይሮሜትር (የሳንባ አቅም የሚለካው ማሽን)፣ አንድ ኮምፒውተር፣ ሁለት ወንበር፣ ግድግዳው ላይ የቁመት መለኪያ። ወሎ ውስጥ ባለ አንድ ሆስፒታል ነው የምሠራው። ከደላንታ ብርድም ከቃሉ ቆላም ሰው ይመጣል። አፍንጫው ላይ መቆንጠጫ ይደረግለታል፣ ቱቦውን በከንፈሩ ገጥሞ ይይዛል፣ ደረቱ እስኪሞላ አየር ይስባል፣ ከዚያ ባለ በሌለ ኃይሉ ያወጣዋል። ማሽኑ ሁለት ዋና ቁጥሮች ይሰጠናል። አንዱ በጠቅላላ ስንት ሊትር እንደወጣ ነው። ሌላው በመጀመሪያዋ 1 ሰከንድ ብቻ ስንቱ እንደወጣ። የአየር ቧንቧው የጠበበበት ሰው፣ ማለትም አስም ወይም ሲኦፒዲ (ሥር የሰደደ የአየር ቧንቧ መጥበብ በሽታ) ያለበት፣ ይበልጥ የሚወርድበት ሁለተኛው ነው።

ውጭ አገር ይህን ከሚሠሩት መካከል ሪስፓይራቶሪ ቴራፒስት የሚባሉ የአተነፋፈስ ሕክምና ባለሙያዎች አሉ። እኛ ጋ ሙያው ብዙም ስላልተለመደ ስልጠና የወሰዱ ነርሶች ይሠሩታል። እኔ እነሱን ነው የምቆጣጠረው። ከሕመምተኛ፣ ከሐኪም፣ ከራሳችን ልጆችም ደጋግሜ የምሰማቸውን የተሳሳቱ አባባሎች አንድ በአንድ ላንሳ።

«የሚለካው ማሽኑ ነው፤ ሠራተኛው አዝራር ይጫናል»

ደም ግፊት ሲለካ ታማሚው ዝም ብሎ ይቀመጣል። ራጅ ሲነሳም እንደዚያው። እዚህ ግን ታማሚው ራሱ ካልሠራ ማሽኑ የሚለካው ነገር የለም። ታማሚው በደንብ የሚሠራው ደግሞ አጠገቡ የቆመው ሰው በደንብ ካሠራው ነው። ጤነኛ ሳንባ በሰነፍ አሠሪ እጅ የታመመ መስሎ ሊወጣ ይችላል።

አንድ ምሳሌ። መጀመሪያ ሰሞን ሁላችንም «ይንፉ!» እንል ነበር። የገጠር እናት ደግሞ መንፋት ስትባል የምታውቀው እሳት ማቀጣጠልን ነው። ጉንጯን ሞልታ፣ ከንፈሯን አሹላ፣ ቀስ ብላ እፍ ትላለች። ዋሽንት የለመደ እረኛ ከመጣ የባሰ ነው። ትንፋሹን ቆጥቦ ማውጣት የተካነበት ነገር ነው፤ ማን ይችለዋል? ግራፉ ገና ከመነሻው ሽቅብ ተወርውሮ መውረድ ሲገባው እንደ ኮረብታ ድቡልቡል ብሎ ይወጣል። አሁን «ይንፉ» የሚለውን ቃል ከክፍላችን አውጥተነዋል። «ይሳቡ፣ ይሳቡ፣ ይሳቡ… በአንዴ ይልቀቁት! ይቀጥሉ፣ ገና አለ፣ ገና አለ!» ነው የምንለው። መጀመሪያ ግን ሠራተኛው ራሱ ቱቦ ይዞ አሠራሩን ያሳያል። በቃል ከማስረዳት አንድ ጊዜ ማሳየት ይቀላል።

አዲስ ሠራተኛ ስከታተል ስክሪኑን አላይም። የሠራተኛውን አፍና የታማሚውን ትከሻ ነው የማየው። ስክሪኑ የትም አይሄድም።

«ሽማግሌ ላይ መጮህ ነውር ነው»

ይህን በግልጽ የሚለኝ የለም፤ ግን ከድምፃቸው እሰማዋለሁ። ሀያ አምስት ዓመት ያልሞላት ነርስ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ጥምጣም ያሰሩ ሼህ ፊት ትቆማለች። «ይልቀቁት አባባ…» ትላለች በሹክሹክታ። አባባም በጨዋ ደንብ፣ ቀስ አድርገው ይለቃሉ። ሦስት ሰከንድ ሳይሞላ «አለቀ ልጄ» ብለው ቱቦውን ያወርዳሉ። አላለቀም። ትንፋሹ የሚቆመው የሚወጣው አየር እስኪያልቅ፣ ማለትም ግራፉ ዝርግ እስኪል፣ ወይም 15 ሰከንድ እስኪሞላ ነው። ቧንቧው የጠበበበት ሰው ደግሞ ማውጣቱ ረጅም ጊዜ ይወስድበታል። እሳቸውን ቀድሞ ማስቆም ሕመማቸውን መደበቅ ነው።

ልጅቷ ላይ ጥፋት የለም። ያሳደጋት ቤት እንደዚያ ነው ያስተማራት። እኛም አሠለጠንናት ብለን ይሉኝታዋን ልናስጥላት አንችልም። ያገኘነው ዘዴ አስቀድሞ ይቅርታ መጠየቅ ነው። «አባባ፣ አሁን እጮህብዎታለሁ። ቁጣ አይደለም፣ ሥራው ነው። አውፍ ይበሉኝ።» ሽማግሌው ይስቃሉ። «ጩኺ የኔ ልጅ» ይላሉ። ከዚያ በኋላ ድምፁ ኮሪደሩን አልፎ ይሰማል። ጎረቤት ክፍል ያለው ካርድ ክፍል አንዴ ሰው የተጣላ መስሏቸው ሮጠው መጥተው ያውቃሉ።

«ሦስቴ ካስነፋን በቃ»

ሦስት ሙከራ እና ሦስት ተቀባይነት ያለው ሙከራ አንድ አይደሉም። አውሮፓና አሜሪካ ያሉ የሳንባ ሐኪሞች ማኅበራት በ2019 እ.ኤ.አ. ያሻሻሉት መመሪያ የሚለው ቢያንስ ሦስት ንጹሕ ሙከራ ይገኝ፣ ከነዚህም የሁለቱ ትልልቆቹ ልዩነት ለአዋቂ ከ150 ሚሊ ሊትር አይብለጥ ነው። የሳለ፣ አመንትቶ የጀመረ፣ በመሀል ያቋረጠ አይቆጠርም። ለአዋቂ እስከ ስምንት መሞከር ይቻላል። በስምንትም ካልተገኘ ያለውን ይዞ ጥራቱ ዝቅ ያለ መሆኑን በግልጽ ጽፎ መላክ ነው። ወይም ሌላ ቀን መቅጠር። ታማሚው ከደከመ ደግሞ ከስምንት በፊትም ይቆማል።

እኔን የሚያስፈራኝ ዝቅተኛ ቁጥር አይደለም። ሦስቱም በሚገርም ሁኔታ ተመሳሳይ የሆነ፣ ግን ሦስቱም እንደ ኮረብታ ድቡልቡል ያለ ግራፍ ነው። ታማሚው ሦስቴም እኩል ሰንፎ ይሆናል።

«1966 ያው 1966 ነው»

ይቺን የትም አገር መመሪያ ላይ አታገኟትም።

ማሽኑ የአንድን ሰው ውጤት ከሚጠበቀው ጋር ያነጻጽራል። የሚጠበቀውን የሚያሰላው በዕድሜ፣ በጾታና በቁመት ነው። ቁመት ነገሩ ውስጥ የገባው ከጥንቱ ነው፤ ጆን ሃችንሰን የሚባለው እንግሊዛዊ ሐኪም በ1846 እ.ኤ.አ. ስለ ስፓይሮሜትሩ ሲጽፍ ከ2,000 በላይ ሰው ለክቶ የሳንባ አቅም ከቁመት ጋር አብሮ እንደሚሄድ አሳይቷል። ስለዚህ ቁመት በግምት አይሞላም። ጫማ ይወልቃል። ጀርባቸው የጎበጠ ካሉ ክንዳቸው ተዘርግቶ ከጣት ጫፍ እስከ ጣት ጫፍ ይለካል።

ጣጣው ዕድሜ ላይ ነው። ማሽኑ የሚያውቀው የፈረንጁን አቆጣጠር ብቻ ነው። ታማሚው «የ66ቱ ድርቅ ጊዜ ነው የተወለድኩት» ይላል። ወሎ ውስጥ ከዚህ የበለጠ አስተማማኝ የልደት ወረቀት የለም። ሠራተኛው 1966 ብሎ ያስገባል። በዚህች ቅጽበት ሰውየው ሰባት ስምንት ዓመት አረጀ። የአዋቂ ሳንባ አቅም በዓመት ከ25 እስከ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ ስለሚቀንስ ማሽኑ የሚጠብቀው ቁጥር በ200 ሚሊ ሊትር አካባቢ ዝቅ ይላል። ታማሚው ከእውነተኛው ሁኔታው የተሻለ መስሎ ይወጣል። ልጅ ላይ ተገላቢጦሽ ነው። በ2008 ዓ.ም. የተወለደች ልጅ እንዳለች ከገባች ማሽኑ ወጣት ሴት አድርጎ ያያትና ጤነኛዋን የታመመች ያስመስላታል።

ስለዚህ ኮምፒውተሩ ጎን ካርቶን ለጥፈናል። በአንድ በኩል የእኛ ዓመት፣ በሌላው የእነሱ። ዓመቱን የማያውቅ ሰው ከመጣ «በ77 ስንት ዓመትዎ ነበር?» እንላለን። «ሁለተኛዋን ልጄን አዝዬ ነበር» ከተባለ ሂሳቡን እኛ እንሠራለን።

«ዘር የሚለውን ሳጥን የፈለግነውን እንሙላው»

በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣው ዓለም አቀፍ ማነጻጸሪያ ሰውን በነጭ፣ በአፍሪካ አሜሪካዊ፣ በሰሜን ምሥራቅ እስያ፣ በደቡብ ምሥራቅ እስያና «ሌላ» ብሎ ይከፍላል። የደላንታ ገበሬ የቱ ነው? አንዱ ሠራተኛ አፍሪካ አሜሪካዊ ይላል፣ ሌላዋ «ሌላ» ትላለች፣ ሦስተኛው የተከፈተለትን ሳይነካ ያልፋል። በነጭና በአፍሪካ አሜሪካዊ መካከል የሚጠበቀው ቁጥር ከ10 በመቶ በላይ ይለያያል። ያው ሰው፣ ያው ትንፋሽ፤ ሰኞ የታመመ ሐሙስ የዳነ ይሆናል። ሐኪሙም መድኃኒቱ ሠራ ብሎ ይደሰታል።

በ2022 እ.ኤ.አ. ዘርን የማይጠይቅ አንድ ወጥ ስሌት ወጥቷል። ሶፍትዌሩ ካለው እሱን መጠቀም ይሻላል ባይ ነኝ። ከሌለው አንዱን መርጦ፣ ሪፖርቱ ላይ ጽፎ፣ ሁሉም ሠራተኛ በሱ መጽናት አለበት።

«ሲጋራ አላጨሰችም፤ ምን ሳንባ ያማታል?»

ፎርሙ ላይ «ያጨሳሉ?» የሚል ጥያቄ አለ። እትዬ «አስተግፊሩላህ!» ይላሉ። «አያጨሱም» ላይ ምልክት ይደረጋል። ጉዳዩ ተዘጋ።

አልተዘጋም። እኚህ ሴት ጭስ መውጫ በሌለው ማድ ቤት አርባ ዓመት እንጀራ ጋግረዋል፤ በእንጨት፣ እንጨት ሲጠፋ በኩበት። የዚህ ጭስ በየቀኑ ወደ ሳንባ መግባት ለሲኦፒዲ ከሚያጋልጡ ዋና ነገሮች አንዱ ነው። የድሮ የሳንባ ነቀርሳ ጠባሳም እንዲሁ የሳንባን አቅም ይቀንሳል። ስለዚህ ልጆቹን ሌላ ጥያቄ አስለምጃቸዋለሁ። በምን ነው የሚያበስሉት? ስንት ዓመት? ማድ ቤቱ ከመኝታው ይለያል? ቲቢ ታክመው ያውቃሉ? ከኮምቦልቻ ለመጣ ደግሞ ሥራው ይጠየቃል። ጥጥ የሚፈተልበት ክፍል የሚሠራ ሰው ከእረፍት ተመልሶ ሥራ በጀመረበት ቀን ደረቱ የሚታፈን ከሆነ ከጥጥ ብናኝ የሚመጣ በሽታ ሊሆን ይችላል። «ሰኞ ሰኞ ያፍነኛል» ያለ ሰው ቀላል ነገር አልተናገረም፤ ቃሉ ሪፖርቱ ላይ ይጻፍለት።

«ለምርመራ ሲመጡ መድኃኒት ሁሉ ይቆማል»

አይቆምም። ለመጀመሪያ ምርመራ ከሆነ ቬንቶሊንን የመሰለ አጭር ጊዜ የሚሠራ ፓፍ (በአፍ የሚሳብ መድኃኒት) ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ቀደም ብሎ ይተዋል። ረጅሞቹ አንድ ቀንና ከዚያም በላይ። ትንፋሽ ካጠረው ግን ይውሰድ፤ የወሰደበትን ሰዓት ብቻ ይንገረን። ጾም ላይ ሆኖ የሚመጣም አለ። አየር መሳብና ማውጣት መብላትም መጠጣትም አይደለም። የፓፏን ነገር ግን ነርስ አትፈርድም፤ ሰውየው የሃይማኖት አባቱን ይጠይቅ። የማያስቸኩል ከሆነ ከፍቺው በኋላ እንቀጥረዋለን።

«የሚያስል ሁሉ መጀመሪያ ስፓይሮሜትሪ ይሠራ»

ሁለት ሳምንት የሳለ፣ ማታ ማታ የሚያልበው፣ የከሳ ሰው ሲላክልን ወደ አክታ ምርመራ እንመልሰዋለን። ጠባብ ክፍል ውስጥ ቲቢ ያለበትን ሰው ስምንት ጊዜ ባለ በሌለ ኃይሉ ማስተንፈስ ለሠራተኛውም ለቀጣዩ ታማሚም አደጋ ነው። ደም የሚተፋ፣ ሰሞኑን የልብ ድካም ድንገት የመታው ወይም ዓይኑን ቀዶ ሕክምና የተደረገለትም መጀመሪያ ሐኪሙ ጋ ይመለሳል። ታማሚው የሚተነፍስበት ፊልተር ለአንድ ሰው አንድ ነው። ውድ ነው፣ አውቃለሁ። ቢሆንም አንድ ነው። መስኮቱም ይከፈታል፤ የደጋውን ጠዋት ለሚያውቅ ይህ ትንሽ መስዋዕትነት አይደለም።

«ጠዋት ካሊብሬሽን አልፏል፤ ማሽኑ ጤነኛ ነው»

በየጠዋቱ 3 ሊትር በሚይዝ ሲሪንጅ ማሽኑን እንፈትነዋለን። በዝግታ፣ በመካከለኛና በፍጥነት። ከ3 በመቶ በላይ መሳት የለበትም። የክፍሉ ሙቀትና የአየር ግፊቱም በትክክል መግባት አለበት፤ ከሳንባ የሚወጣው ሞቃት አየር ክፍሉ ሲቀዘቅዝ መጠኑ ስለሚቀንስ ማሽኑ ያን ያስተካክላል። ደሴና ኮምቦልቻ በመኪና ቅርብ ናቸው፤ ከፍታቸው ግን ከ500 ሜትር በላይ ይለያያል። ከአንዱ ወደ ሌላው የተወሰደ ማሽን ቁጥሩ ሳይቀየርለት መሥራት የለበትም።

ይህ ሁሉ አልፎም ይሳሳታል። ለዚህ ነው በየሳምንቱ እኛው ራሳችን የምንለካው፤ ጤነኛና የማያጨስ ሠራተኛ ቋሚ ቁጥር አለው። የእኔ 3.1 ሊትር ነው። አንድ ዓርብ 2.7 ወጣ። አረጀሁ አልኩ። ልጆቹ ሳቁ፣ አንዷ «ሲስተር፣ ይሳቡ ይሳቡ ይሳቡ!» ብላ በራሴ ቃል ጮኸችብኝ። ደገምኩ፤ 2.7። የምትስቀውን ልጅ አስቀመጥኳት። የእሷም ወርዷል። ሳቁ ቆመ። ጠዋት ሲሪንጁን ስንገጥም ቱቦውን እያለፍን ቀጥታ ማሽኑ ላይ ነበር የምንሰካው፤ ቱቦው መታጠፊያው ላይ ተሰንጥቆ አየር ያሳልፋል። መቼ እንደተሰነጠቀ የሚያውቅ የለም። የሳምንቱን ታማሚዎች መዝገብ አውጥተን አሥራ አንድ ሰው መልሰን ቀጠርን። ሲሪንጁም ከዚያ ቀን ጀምሮ ታማሚው በሚነፋበት በኩል፣ ከነቱቦው ከነፊልተሩ ይገጠማል።