ሃሽ የተደረገ ፓስወርድ ምንድን ነው? ኢንክሪፕት ከተደረገው በምን ይለያል?

ዳታቤዝ ውስጥ የተዘበራረቀ ፊደልና ቁጥር ሲያይ ብዙ ሰው «ኢንክሪፕት ተደርጓል» ይላል። ኢንክሪፕት የተደረገ ፓስወርድ ግን ቁልፉ ላለው ሁሉ ተመልሶ ይነበባል። ሃሽ ግን ፓስወርዱን በስሌት ወደ ቋሚ ርዝመት ያለው የምልክት ድርድር መቀየር ነው፤ ቁልፍም መመለሻም የለውም፤ ተጠቃሚው ሲገባ ሲስተሙ አሁን የተጻፈውን እንደገና ሃሽ አድርጎ ከተቀመጠው ጋር ያመሳክራል።

«ፓስወርድ ረሳሁ» ብለው የድሮው ፓስወርድ ራሱ በኢሜይል ከመጣልዎ ሃሽ አልተደረገም። ወይ ኢንክሪፕት ነው፣ ወይ እንዳለ ተጽፎ ተቀምጧል።

ዳታቤዙን መክፈት ከቻሉ ሁለት የሙከራ አካውንት ይክፈቱ፤ አንዱ ባለ 6፣ ሌላው ባለ 40 ፊደል ፓስወርድ ይኑረው። ሃሽ ከሆነ የሁለቱ ርዝመት እኩል ነው፦ በሄክሳዴሲማል (ከ0 እስከ 9 እና ከa እስከ f ባሉ ምልክቶች) ሲጻፉ፣ ከሃሽ ዓይነቶች ኤምዲ5 32፣ ሻ-1 40፣ ሻ-256 64 ምልክት። ለፓስወርድ የተሠራው የሃሽ ዓይነት ቢክሪፕት 60 ምልክት ሆኖ በዶላር ምልክትና በ2 ይጀምራል። ኢንክሪፕት ከሆነ ረጅሙ ፓስወርድ ረዘም ብሎ ይቀመጣል። ቤዝ64 አያሳስትዎ፤ እሱ የአጻጻፍ ስልት ብቻ ስለሆነ ማንም ይፈታዋል፤ መጀመሪያ ፈትተው ውስጡ ያለውን ባይት ይቁጠሩ።

ቀጥሎ ለሁለቱም አካውንት አንድ ዓይነት ፓስወርድ ይስጡ። የተቀመጠው ተመሳሳይ ከሆነ ችግር አለ። በ2013 ከአዶቢ የተሰረቁት ፓስወርዶች በትሪፕል ዲኢኤስ፣ በአንድ ቁልፍ፣ በኢሲቢ ስልት (ተመሳሳይ ጽሑፍ ሁልጊዜ ተመሳሳይ ውጤት በሚሰጥበት) ኢንክሪፕት የተደረጉ ነበሩ። ተመሳሳይ ፓስወርዶች ተመሳሳይ ሆነው ታዩ፤ የማስታወሻ ፍንጮቹም ሳይሸፈኑ አብረው ስለነበሩ ቁልፉ ሳይገኝ እንኳ ብዙዎቹ ተገመቱ። ሃሽ መሆን ብቻውንም አያድንም፦ በ2012 ከሊንክድኢን የወጡት ሻ-1 ነበሩ፣ ግን ሶልት አልነበራቸውም። ሶልት ለእያንዳንዱ ፓስወርድ ለብቻው የሚጨመር የዘፈቀደ ባይት ነው። ሻ-1 ደግሞ ፈጣን ነው፤ ፍጥነቱ የሚጠቅመው ገማቹን ነው። ቢክሪፕት ሆን ተብሎ ዘገምተኛ ተደርጎ ተሠራ፤ የሥራውን ብዛት የሚወስነው የወጪ ቁጥሩ በ1 ሲጨምር ሥራው እጥፍ ይሆናል።

ኢንክሪፕት ማድረግ ተገቢ የሚሆነው ፕሮግራሙ ራሱ ፓስወርዱን መልሶ መጠቀም ሲኖርበት ነው፤ ለምሳሌ የፓስወርድ ማስቀመጫ መተግበሪያ።

በአማርኛ ፓስወርድ ለሚቀበል ሲስተም አንድ ጥንቃቄ፦ ቢክሪፕት የሚያነበው 72 ባይት ብቻ ነው። ፊደልን በባይት በሚጽፈው በዩቲኤፍ-8 አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ 24 ፊደል ሲሞላ ገደቡ ይደርሳል። ብዙ ላይብረሪዎች ከዚያ በኋላ ያለውን ዝም ብለው ይቆርጡታል፣ አንዳንዶቹ ስህተት ይመልሳሉ። ሌላው የፓስወርድ ሃሽ አርጎን2አይዲ ይህ የ72 ባይት ገደብ የለበትም።