የማስታወስ ጥያቄ ምንድን ነው?

የእህቴ ልጅ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ማሳጅ ትማራለች። እጇ ወርቅ ነው። አንገቴ ሲያዝ እሷ ዘንድ ነው የምሄደው፤ ዐሥር ደቂቃ ካሸችኝ በኋላ ዞር ብዬ ሰው ማየት እችላለሁ። የጽሑፍ ፈተና ላይ ግን ያ ሁሉ ችሎታ ይጠፋል።

ባለፈው አንድ የታረመ ወረቀት አምጥታ አሳየችኝ። ጥያቄው ስለ አንድ የማሳጅ እንቅስቃሴ ነው፤ «ኢፍሉራዥ ምንድን ነው?» ይላል። 2 ነጥብ ነው። እሷ አንድ ገጽ ተኩል ጽፋለች። ስለ ንጽሕና ጽፋለች። ደንበኛን በፈገግታ ስለ መቀበል ጽፋለች። ማሳጅ ጭንቀት እንደሚቀንስ ጽፋለች። ያገኘችው ግማሽ ነጥብ ነው። «ይኼን ሁሉ ጽፌ!» አለች። አነበብኩትና እኔም ከመምህሩ ጋር ተስማማሁ። ኢፍሉራዥ ምን እንደሆነ የሚናገር ዓረፍተ ነገር አንድም የለበትም። ግማሿም የይሉኝታ ሳትሆን አትቀርም።

የተጠየቀችው የማስታወስ ጥያቄ ነበር። ቀደም ብላችሁ የተማራችሁትን አንድ የታወቀ ነገር ከጭንቅላታችሁ አውጥታችሁ ወረቀት ላይ እንድታስቀምጡ የሚጠይቅ ጥያቄ ማለት ነው። ስም ሊሆን ይችላል። ትርጉም፣ ቁጥር ወይም ቅደም ተከተልም ሊሆን ይችላል። መልሱ ገና ሳትጠየቁ የተወሰነ ነው። አስተያየታችሁን አይፈልግም፤ ስለ ሙያው ያላችሁን ፍቅርም አይለካም። አላችሁ ወይስ የላችሁም? ጥያቄው ይኸው ነው።

አሜሪካዊው የትምህርት ተመራማሪ ቤንጃሚን ብሉምና ባልደረቦቹ በ1956 እ.ኤ.አ. የትምህርት ግቦችን በስድስት ደረጃ ሲከፍሉ ይህን የመጀመሪያው፣ የታችኛው እርከን ላይ አስቀመጡት። ከሱ በላይ መረዳት፣ በሥራ ማዋል እያለ ወደ ላይ ይሄዳል። «የታችኛው» ስለተባለ የሚንቁት አሉ። «ሽምደዳ ነው» ይሉታል። ጎጃም ውስጥ ያደገ ሰው ግን ይህን መናቅ ያለበት አይመስለኝም። ዋሸራም ሆነ ጎንጅ የሄደ የቅኔ ተማሪ መጀመሪያ ግሱን፣ ማለትም የግእዙን ግሶች ከነትርጉማቸው፣ ነው የሚይዘው። ግሱ በቃሉ ሳይገባ ቅኔ መቁጠር አይችልም፣ መዝረፍማ ጭራሽ። ቅኔ የተባለው ተመልሶ የማይባል፣ ሁልጊዜ አዲስ የሚፈጠር ነገር ነው። ሆኖም የተሠራው ከተያዘ ግስ ነው። የጡንቻና የአጥንት ስም ለማሳጅ ተማሪ ግሱ ነው።

ምክንያቱ ደግሞ ግልጽ ነው። ደንበኛ አልጋው ላይ ተኝቶ ሃንድአውት አይገለጥም። አንድ ሰው መጥቶ «አንድ ባቴ አብጧል፣ ያቃጥለኛል፣ እሽልኝ» ቢል፣ በጥልቁ ደም ሥር ውስጥ ደም ረግቶ ሊሆን እንደሚችል እዚያው ትዝ ሊላችሁ ይገባል። ያ እግር ከታሸ የረጋው ደም ተነቅሎ ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል፤ ሰው ይሞታል። ስለዚህ እጃችሁን ሰብስባችሁ ወደ ሐኪም ትልኩታላችሁ። ፈተና ላይ «ማሳጅ የማይሰጥባቸውን ሦስት ሁኔታዎች ጥቀስ» ሲባል የሚፈለገው ይኸው ነው። ትኩሳት፣ ተላላፊ የቆዳ በሽታ፣ በደም ሥር የረጋ ደም። ሦስት ተብሎ ከሦስት በላይ መደርደር ጥቅም የለውም። አራተኛው ስህተት ከሆነ ደግሞ ትክክለኞቹንም ያጠራጥራል።

የጥያቄው ዓይነት የሚታወቀው ጥያቄው ውስጥ ባለው ግስ ነው። ጥቀስ፣ ዘርዝር፣ ሰይም፣ ስንት ነው፣ ምንድን ነው፣ ባዶ ቦታውን ሙላ፦ እነዚህ የማስታወስ ናቸው። አብራራ፣ አወዳድር፣ «ምን ታደርጋለህ?» ከመጡ ነገሩ ሌላ ነው፤ እዚያ ማሰብና ማስረዳት አለ። ምርጫና አዛምድ በመሃል ያሉ ናቸው። መልሱ ፊታችሁ ላይ ስለተቀመጠ አይቶ መለየት ብቻ ይበቃል፤ ከጭንቅላት ማውጣት አይጠይቁም። ምርጫ ላይ ጎበዝ የሆነ ተማሪ ባዶ ቦታ ሙላ ሲመጣ የሚደነግጠው በዚህ ነው። ፊቱን ሲያየው የሚያውቀውን ሰው ስሙን ጥራ እንደተባለ ነው።

ከግሱ ቀጥሎ ነጥቡን እዩ። 2 ነጥብ ማለት አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ነገር ማለት ነው። ገጽ ተኩል ማለት አይደለም።

ወደ ኢፍሉራዥ ልመለስ። አማርኛችን እዚህ ላይ ትንሽ ያስቸግራል። እኛ ሁሉንም «ማሸት» እንላለን። ሊጥ ይታሻል፣ ወገብ ይታሻል፣ ወጌሻም ያሻል። ወጌሻውን የእንቅስቃሴውን ስም የሚጠይቀው ሰው የለም፤ እጁ ካወቀ በቃው። ፈተናው ግን ይህንኑ አንድ ቃል አምስት ቦታ ይከፍለዋል። ኢፍሉራዥ በመዳፍ ረዘም አድርጎ ማንሸራተት ነው። ፔትሪሳዥ እንደ ሊጥ እያነሱ መጭመቅ ነው። ፍሪክሽን አንድ ቦታ ላይ ጠለቅ አድርጎ መፈተግ ነው። ታፖትማን መደብደብ ነው፣ በልኩ። ቫይብሬሽን ማንቀጥቀጥ ነው። «ማሸት ነው» ብሎ የመለሰ ሰው አልዋሸም፤ ግን ከአምስቱ የትኛው እንደሆነ አልተናገረም።

ስለዚህ ትርጉም ስትጠየቁ ሦስት ነገር አስቡ። ምን ዓይነት ነገር ነው? ከዘመዶቹ በምን ይለያል? ለምን ይጠቅማል? «ኢፍሉራዥ በመዳፍ ረዘም ተደርጎ፣ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ልብ አቅጣጫ የሚንሸራተት የማሳጅ እንቅስቃሴ ነው። ዘይቱን ለማዳረስና ጡንቻውን ለማሞቅ መጀመሪያ ላይ፣ ለማሳረፍ ደግሞ መጨረሻ ላይ ይሠራል።» ሁለት ዓረፍተ ነገር። ሙሉ ነጥብ።

(ስሞቹ ፈረንሳይኛ ሆነው እነዚህ አምስቱ ያሉበት ማሳጅ «የስዊድን ማሳጅ» መባሉ ግራ ያጋባል። ሙያው በስዊድናዊው ፔር ሄንሪክ ሊንግ ስም ላይ ተለጥፏል፤ እሱ በ1813 እ.ኤ.አ. ስቶክሆልም ውስጥ የጂምናስቲክ ተቋም የመሠረተ ሰው ነው። የፈረንሳይኛ ስሞቹን ያስለመደው ግን ሆላንዳዊው ሐኪም ሜዝገር ነው ይባላል። «የስዊድን ማሳጅ አባት ማን ነው?» ከተባላችሁ ሃንድአውታችሁ ያለውን ጻፉ። ክርክሩን ከፈተና በኋላ።)

ቁጥር ሲሆን መንጠልጠያ ይፈልጋል። የጀርባ አጥንት አንገት ላይ 7፣ ደረት ላይ 12፣ ወገብ ላይ 5 ነው። ፈረንጆች ይህን በቁርስ፣ በምሳና በእራት ሰዓት ይይዙታል። በእኛ ሰዓት 7 ምሳ ስለሆነ አይሠራም። የእህቴን ልጅ ያስያዝኳት እንዲህ ብዬ ነው፦ ሳምንት፣ ሐዋርያት፣ ጳጉሜን። 7፣ 12፣ 5። ወዲያው «በዘመነ ሉቃስስ?» አለችኝ። ጳጉሜን 6 ስትሆን ማለቷ ነው። ደስ የሚለው፣ አንዳንድ ሰው በተፈጥሮው ስድስተኛ የወገብ አጥንት ይኖረዋል። ፈተናው ላይ ግን 5 ነው።

የጡንቻ ስም ሲሆን ሰውነት ላይ ስቀሉት። ከአባይ በረሃ አቀበት የወጣ ሰው በማግስቱ የሚያመው ባቱ ነው፤ ጋስትሮክኒሚየስ ማለት እሱ ነው። እንስራ አዝላ የዋለች ሴት ከአንገቷ እስከ ትከሻዋ የሚይዛት ትራፒዚየስ ነው። ላቲኑ እንግዳ ነው፤ ሕመሙ ግን የአገር ልጅ ነው።

ታዲያ እንዴት ይጠናል? የአብዛኛው ተማሪ ስህተት እዚህ ላይ ነው። መቸከል ማለት ሃንድአውቱን አምስት ጊዜ ማንበብ ይመስለዋል። በአምስተኛው ጊዜ ገጹ ሲለመድ «ይዤዋለሁ» ይላል። የለመደው ግን ገጹን ነው። ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ይህን አሳይተዋል። አንዱ ቡድን ጽሑፉን ደጋግሞ አነበበ። ሌላው አንብቦ፣ ዘግቶ፣ የሚያስታውሰውን ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ሲጠየቁ ግን ዘግተው የጻፉት በለጡ።

የኔታ ይህን ያለ ጥናት ያውቁት ነበር። በንባብ ቤት የቃል ትምህርት የሚሰጠው ሲመሽ ነው። ጨለማ ነው፤ መጽሐፍ ቢኖርም አይታይም። ልጁ ውዳሴ ማርያሙን ከራሱ ከማውጣት ሌላ ምርጫ የለውም። ሲሳሳት የኔታ ያርሙታል፣ እንደገና ይላል። የማሳጅ ተማሪም ይህንኑ ማድረግ ይችላል። ማታ መብራት ሲጠፋ አትማረሩ (ይጠፋል መቼም)። «የትከሻን መገጣጠሚያ የሚያቅፉት አራቱ ጡንቻዎች?» ብላችሁ ጓደኛችሁን ጠይቁ። ስማቸው እስኪወጣ ጠብቁ፤ ቶሎ አትንገሩት። መብራት ሲመጣ ያቃታችሁን ብቻ አንብቡ።

ፈተና ላይ ስሙ ምላሳችሁ ጫፍ ላይ ደርሶ አልወጣ ካለ እዚያው ቆማችሁ አትታገሉ። እለፉት። ቦታውን ባዶ ትታችሁ የምታውቁትን ጨርሱ፤ ሌላ ጥያቄ ውስጥ ያለ ቃል ሊያስታውሳችሁ ይችላል። ከዚያ ተመለሱ። በዚህ ሙያ ደግሞ ሌላው ተማሪ የሌለው አንድ ሕጋዊ አጤሬራ አላችሁ፤ የራሳችሁ ገላ።

የእህቴ ልጅ ባለፈው ሳምንት እነዚያን አራት ጡንቻዎች ተጠየቀች። ሁለቱ መጡላት፣ ሁለቱ ጠፉ። ግራ እጇን በትከሻዋ ላይ አሳልፋ ጀርባዋ ላይ ያለውን ጠፍጣፋ አጥንት ዳሰሰች። አጥንቱ ላይ ከተጋደመው ሸንተረር በላይ፣ ሱፕራስፓይናተስ። ከሸንተረሩ በታች፣ ኢንፍራስፓይናተስ። ትንሽ ዝቅ ብሎ ወደ ክንዷ፣ ቴሬስ ማይነር። በውስጥ በኩል፣ ከጎድን አጥንቱ ጋር ፊት ለፊት፣ ሰብስካፑላሪስ። ፈታኙ ከሩቅ ሲያያት ቆይቶ ቀስ ብሎ መጣና «አመመሽ እንዴ?» አላት።

«አይ፣ እየጻፍኩ ነው» አለችው።