ማስተር ኮፒ ምንድን ነው? የባሕር ዳርቻ ሥዕል እየገለበጡ የዘይት ቀለምን መማር

ማስተር ኮፒ ማለት የአንድ የተዋጣለት ሠዓሊ ሥራ ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ ያንኑ ሥራ መልሶ እየሳሉ መማር ነው። ይህን የሰማ ሰው ቶሎ «ታዲያ ኩረጃ አይደል እንዴ?» ይላል። የሚኮርጅ ሰው መልሱን ወስዶ ይሄዳል። እዚህ ግን የሚፈለገው መልሱ የተገኘበት መንገድ ነው። ሲያልቅም ዋናው ሥዕል የማን እንደሆነ ከሸራው ጀርባ ይጻፋል።

ልማዱ የቆየ ነው። የፓሪሱ ሉቭር ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ1793 ከተከፈተ ጊዜ ጀምሮ ገልባጮችን ያስተናግዳል። ታዋቂዎቹ ፈረንሳውያን ሠዓሊዎች ዴጋም ሴዛንም እዚያ ገልብጠዋል። ቅጂው ከዋናው ጋር እኩል መጠን እንዳይኖረው ግን ሙዚየሙ ይከለክላል።

ለጀማሪ የባሕር ዳርቻ ሥዕልን የምመክረው በምክንያት ነው። ባሕር ቆሞ አይጠብቅም። ማዕበሉን ልሳለው ብላችሁ ብሩሽ እስክታነሱ ድረስ ተሰብሮ አልቋል። ጎበዝ ሪያሊስት ሠዓሊ፣ ማለትም ያየውን ሳያሳምር እንዳለ የሚስል፣ ያን ሁሉ እንቅስቃሴ ደጋግሞ አይቶ፣ የሚተወውን ትቶ፣ የቀረውን ሸራው ላይ አስቀምጦላችኋል። ፈረንሳዊው ሪያሊስት ጉስታቭ ኩርቤ እ.ኤ.አ. በ1869 ኤትረታ በተባለች የፈረንሳይ ጠረፍ ሰንብቶ የሳላቸውን ገደሎችና ማዕበሎች ተመልከቱ። ኩርቤ ቀለሙን በብሩሽ ብቻ ሳይሆን በቢላዋም ይለጥፍ ነበር። ያን ለመገልበጥ ስትሞክሩ እጃችሁ ወዲያው ይጠይቃል፦ እዚህ ጋ ብሩሽ ለምን አልበቃውም?

አሠራሩ ላይ አንድ ነገር ቀድሞ መታወቅ አለበት። የዘይት ቀለም እንደ ውሃ ቀለም ተንኖ አይደርቅም። በውስጡ ያለው የተልባ ዘይት ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ነው ቀስ በቀስ የሚጠጥረው። ዘይት የበዛበት ንብርብር ቶሎ አይደርቅም። እሱ ከሥር ሆኖ ላዩ ቀድሞ ከደረቀ፣ ውሎ አድሮ ሥዕሉ ይሰነጣጠቃል። ስለዚህ የመጀመሪያው ቀለም ተርፔንታይን በተባለው የቀለም ማቅጠኛ ቀጥኖ ይቀባል፣ ዘይቱ ወደ ላይ እየጨመረ ይሄዳል። መስኮት መክፈት አትርሱ፣ የተርፔንታይን ሽታ ቀልድ አይደለም።

ንድፉን በከሰል ካወጣችሁ በኋላ ሥዕሉን በሦስት ትልልቅ ቦታ ክፈሉት፦ ሰማይ፣ ውሃ፣ መሬት። የትኛው ጨለማ፣ የትኛው ብርሃን እንደሆነ ሳይለይ ወደ ዝርዝር መግባት ትርፉ ድካም ነው። የአድማሱ መስመር ቀጥ ይበል፣ ጠርዙን ግን በደረቅ ብሩሽ አለስልሱት። በማስመሪያ የተሰመረ ከመሰለ ርቀቱ ይጠፋል።

አሁን ወደምወደው ክፍል ልምጣ፤ ወደ አረፋው። እኔ የመጀመሪያው ቅጂዬ ላይ አረፋውን ከቱቦው በወጣ ነጭ ሞላሁት፣ ጥጥ መሰለ። ነገሩ የገባኝ በኋላ ነው። ግራጫ ወረቀት ላይ የሽምብራ ፍሬ የምታህል ቀዳዳ አብጁና በእሷ በኩል ሥዕሉን እዩት። ያ «ነጭ» አረፋ ጥላ ውስጥ ሲሆን ሰማያዊ ያዘለ ግራጫ ነው፣ አንዳንዴም ከሰማዩ ይጠቁራል። እውነተኛው ነጭ ፀሐይ በቀጥታ ያገኘችው ጫፍ ላይ ብቻ ነው፣ እሱም መጨረሻ ላይ ይቀባል። የማዕበሉን አናትም ጠጋ ብላችሁ እዩ። ውሃው ስስ በሆነበት ቦታ ብርሃን ከኋላ ሰንጥቆት ያልፋል፣ አረንጓዴ ይሆናል። ወፈር ያለው ሥሩ ግን ድፍን ነው።

ሙሉ ሥዕል መገልበጥ ግዴታ አይደለም። መዳፍ የምታህል አንዲት የማዕበል ቁራጭ ወስዶ ሦስት ጊዜ መሥራት ይበልጥ ያስተምራል ባይ ነኝ። በአራተኛው ዋናውን ሥዕል ከዓይናችሁ ሰውሩና በቃላችሁ ሳሉት። ከዚያ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጡ። የተሳሳታችሁበት ቦታ፣ ስትገለብጡ ዓይናችሁ ሳያስተውል ያለፈው ነው። ነገ ከዚያ ጀምሩ።