ኤሚሽን ያለ ረጅም ወረፋ፦ የመኪና ጭስ ምርመራ በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በዲሲ

በዋሽንግተን ዲሲና በዙሪያዋ መኪና የሚነዳ ሰው በየሁለት ዓመቱ አንድ ጣጣ አለበት። መኪናውን ኤሚሽን ማስመርመር። ደብዳቤው ይመጣል፣ ፍሪጅ ላይ ይለጠፋል፣ ከዚያ ይረሳል። ቀኑ ሊያልፍ ሁለት ቀን ሲቀረው ሰውየው ቅዳሜ ጠዋት ብድግ ብሎ ወደ ጣቢያው ይሄዳል። እዚያ ሲደርስ እንደሱ ያሉት ሁሉ ቀድመውት ተሰልፈዋል።

ምርመራው ራሱ ግን ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው የሚፈጀው። ጊዜ የሚበላው ሌላ ነው። በማይሆን ሰዓት መሄድ አለ። ያልተዘጋጀ መኪና ይዞ ሄዶ ተመልሶ መምጣት ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። ታክሲ፣ ኡበር ወይም ሊፍት እየነዳ ለሚኖር ወገናችን የባከነው ጠዋት የገበያ ጠዋት ነው። ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ አሌክሳንድሪያ በዚህ ሥራ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ስንት ሰው እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን።

አገር ቤት መኪና ለነበረው ሰው ነገሩ ከቦሎ ጋር ይመሳሰልበታል። አንድ ግን አይደለም። ለቦሎ የሚደረገው ዓመታዊ ምርመራ ፍሬኑንም፣ መብራቱንም፣ ጎማውንም ያያል። ኤሚሽን የሚያሳስበው ከጭስ ማውጫው የሚወጣውና ከነዳጅ ታንኩ የሚተነው ነገር ነው። ፍሬንዎ ቢያንቋርር ኤሚሽን አይጥልዎትም። የነዳጅ ክዳንዎ በደንብ ካልተዘጋ ግን ሊጥልዎት ይችላል።

መነሻው የአሜሪካ የንጹህ አየር ሕግ ነው። ሕጉ በ1970 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ወጣ፤ በ1990 ደግሞ በብዙ ተጠናክሮ ተሻሻለ። አየራቸው በኦዞን የተበከለ ትልልቅ ከተሞች የመኪና ጭስ መመርመሪያ እንዲኖራቸው ተገደዱ። ኦዞን ከጭስ ማውጫ በቀጥታ አይወጣም። ከመኪና የሚወጡት የናይትሮጅን ኦክሳይዶችና ያልተቃጠለ የነዳጅ ትነት በበጋ ፀሐይ ሲገናኙ ነው የሚፈጠረው። ከዋሽንግተን እስከ ባልቲሞር ያለው መንገድ ከጠዋት እስከ ማታ በመኪና የተጨናነቀ ነው፤ በጋውም ይፋጃል። በጁላይ ሙቀት አስም ያለበት ልጅ ይዞ ሐኪም ቤት ያመሸ ወላጅ ይህ ምርመራ ለምን እንዳለ አስረጂ አያስፈልገውም።

በ1990ዎቹ በብዙ ቦታ መኪናው ሮለር ላይ ወጥቶ፣ ጎማው እየተሽከረከረ፣ ጭሱ በቱቦ ይለካ ነበር። አሁን ለአብዛኛው መኪና ይህ ቀርቷል። ከ1996 ሞዴል ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ የሚሸጥ ማንኛውም የቤት መኪና የራሱን ጭስ የሚቆጣጠር ኮምፒውተር አለው። ኮምፒውተሩ ከመሪው ሥር፣ ከክሩስኮቱ በታች፣ ኦቢዲ የሚባል መሰኪያ አለው። ተቆጣጣሪው ገመዱን እዚያ ይሰካና ኮምፒውተሩን ይጠይቀዋል።

የሚጠየቀው ሦስት ነገር ነው። የቼክ ኢንጂን መብራት በርቷል ወይ? መብራቱ ራሱ ይሠራል ወይስ አምፖሉ ተነቅሏል? ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያውቀው ነው፤ ኮምፒውተሩ የውስጥ ፍተሻዎቹን ጨርሷል ወይ?

በዚህ በሦስተኛው እኔም ተይዣለሁ። የቼክ ኢንጂን መብራት በርቶብኝ አንድ ወዳጄ በትንሽ ማንበቢያ ኮምፒውተሩ የመዘገበውን የብልሽት ኮድ አጠፋልኝ። መብራቱ ጠፋ። ደስ ብሎኝ በማግስቱ ሄድኩ። ሃምሳ ደቂቃ ያህል ከተሰለፍኩ በኋላ የተነገረኝ «መኪናህ ገና ዝግጁ አይደለም» የሚል ነው። አልወደቅሁም፣ አላለፍኩምም። ተመለስ ተባልኩ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ።

የሆነው እንዲህ ነው። ኮድ ሲጠፋ ወይም የባትሪ ገመድ ሲነቀል ኮምፒውተሩ የሰበሰበውን ሁሉ ይረሳል። ኦክስጅን ሴንሰሩን፣ ጭሱን የሚያጣራውን ካታሊቲክ ኮንቨርተር፣ የነዳጅ ትነት መቆጣጠሪያውን እንደገና አንድ በአንድ መፈተሽ አለበት። እነዚህ ፍተሻዎች ሞኒተር ይባላሉ። በፌዴራሉ መመሪያ መሠረት ከ1996 እስከ 2000 ሞዴል ለሆነ መኪና ሁለት ሞኒተር ሳያልቅ ሊታለፍለት ይችላል። ከ2001 ወዲህ ላለው የሚፈቀደው አንድ ብቻ ነው። ሕጉ ይህን ያህል የጠበቀው ኮድ አጥፍቶ በዚያው ሰዓት ለመመርመር የሚሮጠው ብዙ ስለሆነ ነው።

ፍተሻው የሚያልቀው በመንዳት ነው። ያውም እንደ ነገሩ በመንዳት አይደለም። መኪናው ሌሊቱን ቆሞ ሞተሩ ፍጹም ቀዝቅዞ መነሳት አለበት። ከዚያ ከተማ ውስጥ ቆም ሂድ እያለ፣ ሃይዌይም ላይ ለተወሰነ ጊዜ ፍጥነቱን ሳይቀያይር ይነዳል። ነዳጁ ከሩብ በታች ወይም ታንኩ ሙሉ ከሆነ የትነቱ ፍተሻ አይጀምርም፤ ግማሽ አካባቢ ይሁን። ባትሪ ካስቀየሩ ወይም ኮድ ካስጠፉ በኋላ አንድ ሳምንት እንደ ወትሮዎ ይንዱ፤ ለብዙ መኪና ይበቃል። ርካሽ የኦቢዲ ማንበቢያ ያለው ሰው ሞኒተሮቹ ማለቃቸውን ከቤቱ ሳይወጣ ያያል። በእኔ ግምት አንድ የባከነ ቅዳሜ ብቻውን የማንበቢያውን ዋጋ ያወጣል። ከሌለዎትም ብዙ የመለዋወጫ መደብሮች ኮዱን በነፃ ያነቡልዎታል።

መብራቱ በርቶ ከሆነ ከሁሉ በፊት የነዳጅ ክዳኑን ይፈትሹ። ጥብቅ ብሎ እስኪጮህ ያዙሩት። የክዳኑ የውስጥ ላስቲክ ከተሰነጠቀ ክዳኑን ይቀይሩት፤ ዋጋው ትንሽ ነው። ክዳኑን ካጠበቁ በኋላ ኮዱን ማንም ሳያጠፋው መብራቱ ከጥቂት ቀን መንዳት በኋላ በራሱ ሊጠፋ ይችላል። ይህ ከማስጠፋት ይሻላል፤ ሌሎቹ ሞኒተሮች አይነኩምና።

ወደ ቦታዎቹ እንምጣ። ሦስቱ ግዛቶች ጎረቤት ሆነው ሦስት ዓይነት አሠራር አላቸው። አንዱ ጋ የሚኖር ሰው የሌላውን ምክር ሰምቶ የሚሳሳተውም ለዚህ ነው።

ሜሪላንድ ውስጥ ምርመራውን የሚያካሂዱት የመንግሥት ጣቢያዎች ናቸው። ፕሮግራሙ ቪኢአይፒ ይባላል፤ በ1984 ነው የተጀመረው። የሞተር ቪሂክል መሥሪያ ቤትና የግዛቱ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አብረው ይመሩታል። ግዴታው ያለባቸው ባልቲሞር ከተማና 13 ካውንቲዎች ናቸው፤ ሞንትጎመሪና ፕሪንስ ጆርጅስ ከነዚያ ውስጥ አሉ። ሰፈር ያለ ጋራዥ ይህን ማድረግ አይችልም። ለሲልቨር ስፕሪንግ ሰው የሚቀርበው የኋይት ኦክ ጣቢያ ነው፤ ለጌይተርስበርግና ለሮክቪል ደግሞ ዴርዉድ ያለው። ለብዙ ዓመታት 14 ዶላር የነበረው ክፍያ ከጁላይ 2025 ጀምሮ 30 ዶላር ገብቷል።

የሜሪላንድ ትልቁ ነገር ኪዮስኩ ነው። በአንዳንድ ጣቢያዎች ደጅ ላይ ቀንም ሌሊትም የሚሠራ ማሽን ቆሟል። ሰውየው ራሱ ነው የሚመረምረው። 2005ና ከዚያ ወዲህ የተሠራ መኪና ያለው ሰው ይጠጋል፤ የመኪናውን መረጃ ያስገባል፤ በካርድ ይከፍላል። ገመዱን ከማሽኑ ስቦ ከመሪው ሥር ይሰካል፤ ስክሪኑ የሚለውን ይከተላል። ውጤቱ እዚያው ይታተማል፤ ለሞተር ቪሂክልም በራሱ ይደርሳል። ክፍያውም ከጣቢያው ትንሽ ይቀንሳል። ሌሊት የሚሠራ ሾፌር ከሥራ ሲመለስ አሥር ሰዓት ሌሊት ላይ አቁሞ ጨርሶ ይሄዳል። ይህን ያህል ለሠራተኛ ሰው የታሰበ ነገር መንግሥት ብዙ ጊዜ አይሠራም። ቢሆንም ከወገኖቻችን መካከል ኪዮስኩ መኖሩን የማያውቅ አሁንም ያጋጥመኛል።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ። መሰኪያው የት እንዳለ ከቤትዎ ሳይወጡ ይፈልጉት። በአንዳንድ መኪና በትንሽ ክዳን ይሸፈናል። ጨለማ ውስጥ ጎንበስ ብሎ መዳበስ፣ ከኋላ ሰው እየጠበቀ፣ ደስ አይልም።

መኪናዎ ለኪዮስክ የማይሆን ከሆነ ወደ ጣቢያው የሚሄዱበትን ሰዓት ይምረጡ። ጣቢያዎቹ የወረፋቸውን ርዝመት ኢንተርኔት ላይ ያሳያሉ፤ ከመነሳትዎ በፊት ይዩት። ቅዳሜና የወር መጨረሻ ይከብዳሉ። የምሳ ሰዓትም እንዲሁ። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ረፋድ ላይ፣ በወሩ አጋማሽ፣ የሚቀልል ይመስለኛል። ደብዳቤው ከቀኑ ሳምንታት ቀደም ብሎ ስለሚመጣ ቀኑን መጠበቅ ግድ አይደለም። ቀኑ ካለፈ ግን ለየአራት ሳምንቱ 15 ዶላር ይጨመራል። ዝም ካሉት ምዝገባው ይታገዳል፤ ያኔ ፖሊስ ሲያስቆም ነገሩ ከኤሚሽን ያልፋል። አገር ውስጥ ከሌሉ ወይም መኪናው ተበላሽቶ ከቆመ ቀኑ ሳያልፍ ማራዘሚያ መጠየቅ ይቻላል።

ቨርጂኒያ ፍጹም ሌላ ነው። ምርመራውን የሚያደርጉት ፈቃድ ያላቸው የግል ጋራዦችና ነዳጅ ማደያዎች ናቸው። ግዴታው ያለው በሰሜን ቨርጂኒያ ነው፦ አርሊንግተን፣ ፌርፋክስ፣ ላውደን፣ ፕሪንስ ዊሊያምና ስታፈርድ ካውንቲዎች፣ እንዲሁም አሌክሳንድሪያን የመሰሉ በመካከላቸው ያሉ ከተሞች። ጋራዦቹ ብዙ ስለሆኑ ወረፋ ብዙ አያስቸግርም። ስልክ ደውሎ «አሁን ብመጣ ታዩልኛላችሁ?» ማለት ይበቃል። ዘይት ሲያስቀይሩ እዚያው ማስመርመርም ይቻላል። ሰው የሚደናገረው ሁለት ምርመራ ስላለ ነው። ሴፍቲ የሚባለው በየዓመቱ ነው፤ መስታወት ላይ ስቲከር ይለጠፍለታል። ኤሚሽን በየሁለት ዓመቱ ነው፤ ስቲከር የለውም፤ ውጤቱ በኮምፒውተር ወደ ዲኤምቪ (የመኪና ምዝገባ መሥሪያ ቤቱ) ይሄዳል። ስቲከር አለኝ ብሎ ምዝገባ ለማደስ ሲሞክር የሚታገድ ብዙ ነው። የወደቀ መኪና በ14 ቀን ውስጥ ተጠግኖ ወደዚያው ጋራዥ ከተመለሰ ድጋሚው በነፃ ነው።

ቨርጂኒያ ራፒድፓስ የሚባልም አላት። የሃይዌይ መግቢያና መውጫ ላይ መለኪያ የጫነ መኪና ይቆማል። በዚያ የሚያልፈውን ጭስ በብርሃን ጨረር ይለካል፣ ታርጋውን ፎቶ ያነሳል። ጭሱ ንጹህ የሆነ ሰው ደብዳቤ ይደርሰዋል፤ ክፍያውን ብቻ ከፍሎ ጋራዥ ሳይረግጥ ምዝገባውን ያድሳል። ደብዳቤው ማስታወቂያ መስሎት የሚጥለው ሰው አለ። አይጣል።

ዲሲ ነዋሪ የሆነ ሰው የሚሄደው በደቡብ ምዕራብ ሃፍ ስትሪት ላይ ወዳለው የዲኤምቪ ጣቢያ ነው። ከተማዋ የግል መኪናን ሴፍቲ ምርመራ በ2009 አስቀርታለች፤ ለቤት መኪና የቀረው ኤሚሽን ብቻ ነው። ታክሲና ሌላ የንግድ ተሽከርካሪ ግን ሴፍቲም ይመረመራል። እንደ ሜሪላንዱ ያለ ራስን በራስ የሚመረምሩበት ኪዮስክም ታኮማ አካባቢ ተተክሏል።

ሙሉ ኤሌክትሪክ መኪና ጭስ ስለሌለው ከዚህ ሁሉ ነፃ ነው። ሃይብሪድ ግን ቤንዚን ያቃጥላል። ቨርጂኒያ በከተማ ውስጥ በጋሎን 50 ማይልና ከዚያ በላይ የሚሄድ ሃይብሪድን ነፃ ታደርጋለች። ስለዚህ ፕሪየስ የሚነዱ ብዙ ወገኖች እዚያ አይመረመሩም። የፕሪየስ ሌላ መከራ ሌባ ነው። ካታሊቲክ ኮንቨርተሩ ውስጥ ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም ስላለ ሌሊት ከሥር ይቆርጡታል። ያለሱ መኪናው እንደ ትራክተር ይጮኻል፤ ኤሚሽንም አያልፍም። ከሥሩ የብረት መከለያ ማስገጠም ከአዲስ ኮንቨርተር እጅግ ይረክሳል።

መኪናው ከወደቀስ? የወደቀበትን ምክንያት የሚያሳየውን ወረቀት ይያዙና ለመካኒኩ ይስጡት፤ እየገመተ ዕቃ እንዳይቀይር። ሜሪላንድ ውስጥ ፈቃድ ባለው የኤሚሽን ጋራዥ ቢያንስ 450 ዶላር የሚያወጣ ተገቢ ጥገና አስደርጎ አሁንም የወደቀ መኪና ዌቨር፣ ማለትም ባያልፍም እንዲታለፍለት የሚያደርግ ፈቃድ፣ ሊያገኝ ይችላል። ደረሰኝ ግን ግዴታ ነው። እዚህ ላይ የሰፈር ወዳጅ ጋራዥ ይጎዳል። ሥራው ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ ፈቃዱ ከሌለው ግን ክፍያው አይቆጠርም። ከመጠገን በፊት ይጠይቁ።

ወላጆቻቸውን ለሚጦሩ ደግሞ አንድ ነገር አለ። ሜሪላንድ ውስጥ ዕድሜያቸው 70ና ከዚያ በላይ ሆኖ በዓመት ከ5,000 ማይል የማይበልጥ የሚነዱ ባለ መኪናዎች ከምርመራው ነፃ እንዲሆኑ ማመልከት ይችላሉ። አካል ጉዳት ላለባቸውም ተመሳሳይ ዕድል አለ። ቤተ ክርስቲያንና ገበያ ብቻ የሚሄዱ አባት በየሁለት ዓመቱ ወረፋ ላይ መቀመጥ የለባቸውም። ማመልከቻው በስማቸው መሞላት አለበት። መኪናው በልጅ ስም ከተመዘገበ አይሆንም፤ ሊብሬው በማን ስም እንደሆነ አስቀድመው ይመልከቱ።