በክረምት ቤት ይቀባል? የምንሰማው እና እውነታው

ነሐሴ ሲጋመስ የእንቁጣጣሽ ሽር ጉድ ይጀመራል። መጋረጃ ይታጠባል፣ ቤት ይቀባል። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ዝናቡ የሚበረታው ያኔ ነው። ምክሩም አብሮ ይዘንባል፤ አንዳንዱ ግን ገንዘብም ጤናም ያስከፍላል።

«በክረምት ቤት አይቀባም»

ለውጭ ግድግዳ ልክ ነው። ለውስጥ ግን የሚወስነው ወሩ ሳይሆን ግድግዳው ነው። ጣራው ካላፈሰሰ፣ ግድግዳው ከሥር እርጥበት ካልሳበ በሐምሌም ይቀባል። አብዛኛው የውሃ ቀለም ከ10 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል፤ የአዲስ አበባ የክረምት ቀን ደግሞ 20 ዲግሪ አካባቢ ነው። የሚያስቸግረው ሌሊቱ ነው። ስለዚህ ጠዋት 3 ሰዓት ጀምራችሁ ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት ጨርሱ።

ግድግዳው መድረቁን ግን በመዳሰስ አትወቁ። ፌስታል ቆርጣችሁ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አጥብቃችሁ ለጥፉበት። በማግስቱ ስትልጡት ከውስጥ በኩል ጤዛ ከያዘ፣ ገና ነው። እኔ አንድ ክረምት ይህን ሳላደርግ አስቀባሁ። ጥቅምት ላይ ከወለሉ እስከ ጉልበት ድረስ ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሳ። አዲስ ልስን ከሆነማ ቢያንስ 28 ቀን ይቆይ፤ በክረምት ከዚያም በላይ።

«ሻጋታው ሁለት እጅ ከተቀባ ይጠፋል»

አይጠፋም፣ ይደበቃል። ሻጋታ ሕይወት ያለው ነገር ነው። እርጥበት እስካገኘ ድረስ ያድግና ጥቁር ነጠብጣቡ አዲሱን ቀለም አልፎ ይወጣል። አንድ ኩባያ በረኪና በሦስት ኩባያ ውሃ በጥብጡ፣ ጓንት አድርጉ፣ መስኮት ክፈቱና እሹት። በረኪናውን ከሌላ ማጽጃ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ፤ መርዛማ ጋዝ ሊወጣው ይችላል። ከዚያ ምንጩን ፈልጉ። አሸንዳው ተዘግቶ ይሆናል፣ ቆርቆሮው በምስማሩ ቀዳዳ ያፈስ ይሆናል። ብዙ ቤት ደግሞ ጥፋቱ ከግድግዳ የተጣበቀው ቁም ሳጥን ነው፤ ከጀርባው አየር አያልፍም። አራት ጣት ያህል ብታርቁት ለውጡን ታያላችሁ።

«የዘይት ቀለም እርጥበት ያግዳል»

ግድግዳው ውስጥ ያለውንም አፍኖ ያስቀረዋል። መውጫ ሲያጣ ቀለሙን እንደ ፊኛ ይነፋዋል። ለእንዲህ ያለ ግድግዳ የውሃ ቀለም ይሻላል፤ ያውም ከደረቀ በኋላ።

«ከሰል ለኩሰን ብናድር ቶሎ ይደርቃል»

እባካችሁ፣ ይሄን አታድርጉት። በተዘጋ ክፍል የሚነድ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለቃል። አይታይም፣ አይሸትም፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። ደግሞም ቀለም ለመድረቅ የሚንቀሳቀስ አየር ይፈልጋል፤ ሙቀት ብቻውን አይበቃም። ዝናቡ ሲያባራ ትይዩ መስኮቶችን ክፈቱ፣ ቬንትሌተር ካላችሁ አብሩ።

«እጅ ላይ ካልያዘ ደርቋል»

የደረቀው ላዩ ነው። ጣሳው ላይ ሁለት ሰዓት ቢልም በክረምት ሁለተኛውን እጅ ለማግስቱ አቆዩት። መታጠቢያ ቤት ደግሞ ብሶ ይዘገያል። ቀለሙ ሳይጠና እንፋሎት ካረፈበት፣ ሻይ የፈሰሰበት የሚመስል የሚያጣብቅ መስመር ይወርድበታል። ብዙ ሰው ይሄኔ ቀለሙ ተበላሸ ብሎ እንደገና ያስቀባል። አልተበላሸም፤ ቀለሙ ውስጥ ያለ ሳሙና መሰል ነገር ነው ወደ ላይ የወጣው። ለብ ባለ ውሃና በስፖንጅ ይለቃል። ሦስት አራት ቀን ሙቅ ሻወር ካልከፈታችሁበት ደግሞ መስመሩም ላይመጣ ይችላል።