«አስር ፐርሰንት ብቻ ነው» እና ሌሎች የአራጣ ተረቶች

ስለ አራጣ በተወራ ቁጥር የሚሰማ፣ ጆሮ ያሰለቸ ንግግር አለ፦ «ባንክ አስራ ሰባት ፐርሰንት ይጠይቃል፤ እሱ ግን አስር ብቻ ነው ያለኝ፣ ያውም ያለ ውጣ ውረድ።» ይህን የሚሉት ሒሳብ የማያውቁ ሰዎች አይደሉም። ጉልት ላይ የሽንኩርት ትርፏን በሳንቲም የምታሰላ ሴትም ትለዋለች፤ ደመወዙን ወር ድረስ አብቃቅቶ የሚኖር የጥበቃ ሠራተኛም ይለዋል። የባንኩ አስራ ሰባት የዓመት ነው፤ የአራጣው አስር የወር ነው። በአስራ ሁለት ሲባዛ 120 ፐርሰንት ይሆናል። ነገሩ ይኸው ነው፤ ግን አልሰማ ስላለ በብር እንየው።

10,000 ብር በወር 10 ፐርሰንት የተበደረ ሰው በየወሩ 1,000 ብር ወለድ ይከፍላል። በዓመቱ 12,000 ብር ከፍሎ ዋናው 10,000 እንዳለ ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል። ይኸው 10,000 በዓመት 20 ፐርሰንት ከቁጠባና ብድር ማኅበር ተወስዶ በአስራ ሁለት ወር እኩል ክፍያ ቢመለስ፣ የወሩ ክፍያ 926 ብር ገደማ ነው፤ ዓመቱ ሲሞላ እዳ የለም። ልብ በሉ፦ ለማኅበሩ ዋናውንም ወለዱንም ከነአካቴው የሚጨርሰው የወር ክፍያ፣ ለአራጣው ለወለድ ብቻ ከሚሄደው ያንሳል።

በየቀኑ ደጅ ድረስ እየተመጣ የሚሰበሰበው ብድር ደግሞ ይብሳል፤ ምክንያቱም ፐርሰንቱ ጭራሽ አይታይም። አንድ የተለመደ አሠራር እንውሰድ። ብድሩ 5,000 ብር ይባላል። 500 ብር ከላዩ ተቆርጦ 4,500 እጅ ይገባል፤ ከዚያ በቀን 100 ብር ለ60 ቀን። «የምመልሰው 6,000 ነው፤ ሃያ ፐርሰንት» ይላል ተበዳሪው። አይደለም። የተቀበለው 4,500 እንጂ 5,000 አይደለም። ገንዘቡም 60 ቀን ሙሉ እጁ ላይ አይቆይም፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ስለሚመልስ በ30ኛው ቀን 3,000ውን አስረክቧል። በትክክል ሲሰላ ወለዱ በቀን 1 ፐርሰንት፣ በወር 30 ፐርሰንት አካባቢ ነው። ስለዚህ ማንንም አበዳሪ «ስንት ፐርሰንት?» ብላችሁ አትጠይቁ። ሦስት ነገር ጠይቁ፦ እጄ የሚገባው ስንት ነው፣ ጠቅላላ የምከፍለው ስንት ነው፣ በስንት ቀን?

«ወለዱን እየከፈልኩ ነው፤ እዳው እየቀለለ ነው።» ወለድ ብቻ የሚከፈልበት እዳ አሥር ዓመትም ቢቆይ አይቀልም። ከላይ ባለው የ10,000 ብር እዳ በወር 1,000 የሚከፍል መቼም አይጨርስም፤ 1,200 የሚከፍል 19 ወር ይፈጅበታል፤ 1,500 የሚከፍል ደግሞ በ12ኛው ወር ይጨርሳል። ችግሩ ብዙ አበዳሪዎች «ዋናውን ባንድ ጊዜ አምጣ» ብለው ከፊል ክፍያ አይቀበሉም፤ ተበዳሪው ባንድ ጊዜ እንደማያገኝ ያውቃሉና። ከመበደራችሁ በፊት ዋናውን በትንሽ በትንሹ መክፈል እንደሚቻል አስጽፉ። እምቢ ካለ ትርፍራፊውን ለብቻ አጠራቅሙ፤ ቤት ውስጥ ሳይሆን እቁብ ወይም ባንክ። ወለድ ሳይከፈል ወር ባለፈ ቁጥር ወለዱ ከዋናው ጋር እየተደመረ የሚሄድ ከሆነ ደግሞ 10,000 ብር በዓመት 31,384 ይደርሳል። ወለድ ወለድ እንዲወልድ አስቀድሞ መዋዋልን የፍትሐ ብሔር ሕጉ ይከለክላል።

«ፈርሜያለሁ፤ ሕግም አያድነኝም።» በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በግለሰቦች መካከል በሚደረግ የብድር ውል ከ12 ፐርሰንት በላይ የዓመት ወለድ መዋዋልን አይፈቅድም። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 712 ደግሞ የሰውን ችግር ተገን አድርጎ በአራጣ ማበደር ወንጀል ነው፤ የሚቀጣውም አበዳሪው እንጂ የተቸገረው ተበዳሪ አይደለም። ታዲያ አበዳሪዎች ይህን ከእናንተ በፊት ያውቃሉ። ስለዚህ ውሉ ላይ ወለድ የሚባል ቃል አይገኝም፤ 10,000 ሰጥተው «16,000 ብር ተበድሬያለሁ» ብለው ያስፈርማሉ። ያንን ወረቀት በኋላ በምስክር ለማፍረስ መሞከር ዳገት ነው። መከላከያው ገንዘቡን በጥሬው አለመቀበል ነው፤ በባንክ ወይም በቴሌብር ይላክላችሁ፤ የደረሰውን መልእክትም አታጥፉ። ስትከፍሉም እንዲሁ። ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድርም ሆነ ክፍያ፣ ተከራካሪው ፍርድ ቤት ፊት ቀርቦ ካላመነ ወይም መሐላ ከሌለ፣ በጽሑፍ እንጂ በምስክር አይረጋገጥም። «እገሌ እያየ ነው የከፈልኩት» ዋጋ የለውም። በጥሬ ገንዘብ ከሆነ ቀኑ፣ መጠኑና «ከዋናው» ወይም «ከወለዱ» የሚለው ተጽፎ የተቀባይ ፊርማ ያለበት ደብተር ያዙ።

«ካርታዬን ስለያዘ ቤቱ የሱ ነው።» አይደለም። የማይንቀሳቀስ ንብረት መያዣ በጽሑፍ ሆኖ በሚመለከተው መዝገብ ካልተመዘገበ አይጸናም። ሳጥን ውስጥ የተቆለፈ ካርታ ወረቀት ነው።

«እዳ ካልከፈልኩ እታሰራለሁ።» እዳ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው። ፍርድ ቤት ቢፈርድም እንኳ መኝታ፣ የማብሰያ ዕቃና የሙያ መሣሪያ አይወሰድም። በወንጀል የሚያሳስረው ሌላ ነገር ነው፦ ቼክ። «ለመያዣ ብቻ ነው» ተብሎ የተፈረመ ቼክ ባንክ በቀረበ ቀን የሚከፈል ነው፤ ገንዘብ ከሌለበት በወንጀል ያስከስሳል። ባዶ ቼክ ፈርሞ የሚሰጥ ሰው ለአበዳሪው የእስር ቤቱን ቁልፍ ነው የሚያስረክበው።

«ዋስነት ፊርማ ብቻ ነው።» «በአንድነትና በነጠላ» የሚል ሐረግ ካለበት አበዳሪው ተበዳሪውን ዘሎ በቀጥታ ወደ ዋሱ መሄድ ይችላል። የዋስትናው ጣሪያ በብር ያልተጻፈበት ውል ግን አይጸናም፤ ይህንን እዩ።

«ጊዜ ካለፈው ይቀራል።» የይርጋው ጊዜ፣ ማለትም አበዳሪው እዳውን በፍርድ ቤት የሚጠይቅበት ጊዜ፣ 10 ዓመት ነው፤ ትንሽም ብትከፍሉ ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀምራል።

«ሌላ ተበድሬ ይህን እዘጋለሁ።» አዲሱ ከአሮጌው ርካሽ ከሆነ ብቻ። ከአራጣ ወደ አራጣ መዛወር ግን ጉድጓዱን ማጥለቅ ነው። ርካሽ የሚባለው፦ ከአሠሪ የደመወዝ ቅድሚያ፣ የቁጠባና ብድር ማኅበር፣ የማይክሮፋይናንስ የቡድን ብድር። ማኅበር የሚያበድረው የቆጠባችሁትን አይቶ ነውና ችግር ሳይመጣ መግባት ያስፈልጋል። እቁብ ካላችሁ ዳኛውን ዕጣ እንዲያስቀድምላችሁ ለምኑ፤ ወይም የደረሰውን ሰው ዕጣውን እንዲሸጥላችሁ ተደራደሩ፤ ለዕጣው የምትጨምሩት አንዴ ተከፍሎ ያበቃል። ብዙ እዳ ካለባችሁ ደግሞ ወለዱ ከፍተኛ ከሆነው ጀምሩ እንጂ ድምፁን ከፍ አድርጎ ከሚጮኸው አይደለም። ነገሩ ፍርድ ቤት ከደረሰ የሕግ ትምህርት ቤት ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎች ለአቅመ ደካሞች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ፤ ውሉንና የክፍያ መልእክቶቹን ይዛችሁ ሂዱ።

«ከፍዬ ጨረስኩ፤ አበቃ።» ዋናው የውል ወረቀት እጃችሁ እስኪገባ አላበቃም። ኮፒ አትቀበሉ። ቼክ ሰጥታችሁ ከነበረ ቁጥሩን ከጉርዱ ጋር አመሳክሩ። የመጨረሻውን ክፍያ ከመስጠታችሁ በፊት ሁለቱም ጠረጴዛው ላይ ይቀመጡ፤ «ምንም ቀሪ እዳ የለበትም» የሚል፣ ቀንና ፊርማ ያለበት ወረቀትም አብሮ ይጻፍ።