ስትተኛም ስትነሣም ተጫወተው

የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። ይህን የምጽፈው በተለይ ትንንሽ ልጆቻችሁን ቤት ውስጥ ለምታስተምሩ እናቶችና አባቶች ነው። የገና ሰሞን ደርሷል። ትምህርቱም አለ፣ ዝግጅቱም አለ፣ እንግዳውም አለ። ልጆቹ ደግሞ ቀኑን ሙሉ እዚያው ናቸው። "ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲሄዱ እጨርሰዋለሁ" ብሎ ነገር ለእኛ የለም።

ባለፈው ዓመት ለዚህ ሰሞን ትልቅ ዕቅድ አወጣሁ። ልጆቼ ያኔ 8፣ 5 እና 2 ዓመታቸው ነበር። 24 ቀን፣ በየቀኑ አንድ ንባብ፣ አንድ በቃል የሚያዝ ጥቅስ፣ አንድ የእጅ ሥራ። በትልቅ ወረቀት ጽፌ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። ገና በ6ኛው ቀን ሁለት ቀን ወደ ኋላ ቀርተን ነበር። በ9ኛው ቀን ትልቋ ልጄ ሉቃስ ምዕራፍ 2ን በቃሏ ስትልልኝ ቁጥር 2 ላይ ደረሰች። "ቄሬኔዎስ በሶርያ አገር ገዢ በነበረ ጊዜ" የሚለው ላይ። "ቄኔሬዎስ" አለች። አረምኳት። "ቄሬዎስ" አለች። ደግሜ አረምኳት። ሦስተኛው ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ ተቆጣሁ። ዓይኗ እንባ አቀረረ።

"እማዬ ቀስ በይ፣ ተኝቷል" አለኝ የአምስት ዓመቱ ልጄ ከጥግ።

ዞር ብዬ ሳይ የታጠበውን ልብስ መሬት ላይ ዘርግፎታል። ባዶ በሆነው የልብስ ቅርጫት ውስጥ የእህቱን አሻንጉሊት አስተኝቷል። አሻንጉሊቱ ከአንገቱ እስከ እግሩ በወጥ ቤት ፎጣ ተጠቅልሏል። ፎጣው ሁለት ጊዜ ዞሮ ጫፉ በጥንቃቄ ከሥር ገብቷል። ልጁ እየቀለደ አልነበረም። ሕፃኑ እንዳይነሣበት የምሩን ፈርቷል።

"በመጠቅለያም ጠቀለለችው፤ በእንግዶችም ማደሪያ ስፍራ ስላልነበራቸው በግርግም አስተኛችው።" ቁጥር 7 ነው። እኔ ትልቋን ላስይዛት እየታገልኩ ገና ያልደረስንበትን ቁጥር፣ እሱ ማንም ሳያዘው ሠርቶት ተቀምጧል።

ትልቋን እቅፍ አድርጌ ይቅርታ ጠየቅኋት። በነገራችን ላይ፣ ልጅን ይቅርታ መጠየቅ ክብራችንን የሚቀንስ የሚመስለን ሰዎች አለን። እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ግን ቀኑን ሙሉ አብረውን የሚውሉ ልጆች ጥፋታችንን ያዩታል። ስለ ንስሐ እያስተማርን እኛ ንስሐ ስንገባ ካላዩን፣ ትምህርቱን ከየት ያገኙታል?

ከዚያ ቀን በኋላ አንድ የማውቀው ጥቅስ በሌላ ዓይን ይታየኝ ጀመር። ዘዳግም 6፥7። ቤት ውስጥ የምናስተምር ሰዎች ይህን ጥቅስ የማንጠቅስበት ጊዜ የለም። "ለልጆችህም አስተምረው፤ በቤትህም ስትቀመጥ፥ በመንገድም ስትሄድ፥ ስትተኛም፥ ስትነሣም ተጫወተው።" እኔ ሁልጊዜ "አስተምረው" የሚለው ላይ ነበር የምቆመው። መጨረሻ ላይ ያለውን ቃል አልፌው እሄድ ነበር። ተጫወተው!

እስቲ ይህን ቃል አስቡት። ሁለት ሽማግሌዎች ቁጭ ብለው ሲያወሩ "እየተጫወቱ ነው" እንላለን። ልጅ አሻንጉሊት ጠቅልሎ ሲያስተኛም "እየተጫወተ ነው" እንላለን። በቋንቋችን ለሁለቱም ያለን አንድ ቃል ነው። የዕብራይስጡ ቃል "ተናገረው" ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ተርጓሚዎቻችን ግን ለዚያ ንግግር የመረጡት የስብከትን ቃል አይደለም። ሰው ከሚወደው ሰው ጋር ዘና ብሎ የሚያወራበትን ቃል ነው የመረጡት። ሰዓቶቹንም ተመልከቱ። ስትቀመጥ፣ ስትሄድ፣ ስትተኛ፣ ስትነሣ። አንዱም የክፍለ ጊዜ ሰዓት አይደለም።

ከዚያ በፊት ያለው ቁጥር 6 ደግሞ "ይህን ቃል በልብህ ያዝ" ይላል። መጀመሪያ ልብ፣ ከዚያ ልጅ። ይህ ለእኔ ትልቅ ተግሣጽ ነበር። ግድግዳው ላይ 24 ቀን ለጥፌያለሁ፤ እኔ ራሴ ግን በእነዚያ ዘጠኝ ቀናት አንድም ጊዜ ለነፍሴ ብዬ ሉቃስ 2ን አላነበብኩም። ያነበብኩት ለዝግጅት ነበር። ስለ ማርያም የተጻፈውን ታስታውሳላችሁ፦ "ማርያም ግን ይህን ነገር ሁሉ በልብዋ እያሰበች ትጠብቀው ነበር።" አራስ ናት። ከአገሯ ርቃለች። እረኞች በሌሊት ድንገት መጥተዋል። እንግዳ ማስተናገዷ አልተጻፈም። በልቧ መጠበቋ ግን ተጽፏል።

ስለዚህ ወረቀቱን ከግድግዳው አወረድኩት። ሒሳብና ንባብ ብቻ ጠዋት ጠዋት አጠር አድርገን አስቀረን። የቀረውን ሰዓት ለልደቱ ታሪክ ለቀቅነው። ወደ ኋላ የምንቀር መስሎኝ ፈርቼ ነበር። ታሪኩ ግን ራሱ ትምህርት ይዞ መጣ።

ለምሳሌ መንገዱን እንውሰድ። ከናዝሬት እስከ ቤተ ልሔም በመንገድ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ትልቋ "በእግር ስንት ቀን ይፈጃል?" አለች። በቀን 25 ኪሎ ሜትር ቢሄዱስ አልኳት። ወረቀትና እርሳስ አምጥታ አካፈለች። 6 ቀን። ከዚያ ዝም አለች። "እርጉዝ ሆና 6 ቀን?" አለች። ያ ዝምታ ከማካፈሉ ይበልጥብኛል። ትንሹ ወንድሟ ደግሞ ከሳሎን እስከ መኝታ ቤት ቅርጫቱን እየጎተተ ስድስት ጊዜ ተመላለሰ። ሁለት ዓመቷ ከኋላው ትከተላለች። የት እንደሚሄዱ አታውቅም፤ ግን ትሄዳለች።

ሌላው የወደዱት ነገር "አለ ወይስ የለም?" ያልነው ጨዋታ ነው። አንድ ነገር እጠራለሁ፤ እነሱ መጽሐፍ ቅዱሱ ላይ ይፈልጋሉ። እረኞች? አሉ። ግርግም? አለ። አህያ? ትልቋ ሉቃስንም ማቴዎስንም በጣቷ እየተከተለች አነበበች። በልደቱ ታሪክ ውስጥ የለም። ሰብአ ሰገል ሦስት ናቸው? ማቴዎስ ቁጥራቸውን አልጻፈም። የጻፈው ሦስት ዓይነት ስጦታ ነው፦ ወርቅ፣ ዕጣንና ከርቤ። የመጡትስ ወደ በረት ነው? ማቴዎስ 2፥11 "ወደ ቤትም ገብተው" ይላል። ይህን ያደረግነው በሥዕልና በድራማ የለመድነውን ለማጣጣል አይደለም። አህያና በሬው በሥዕሉ ላይ መኖራቸውን እወደዋለሁ፤ ኢሳይያስ 1፥3ን ያስታውሰኛል። ግን ልጆቼ ካደጉ በኋላ ብዙ ሰው ብዙ ነገር "መጽሐፍ እንዲህ ይላል" እያለ ይነግራቸዋል። ገልጦ የማየት ልማድ ከአሁኑ ቢይዙ ደስ ይለኛል።

ታሪኩን በጨዋታ መሥራት አዲስ ነገርም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1223 የአሲሲው ፍራንቸስኮስ ግሬቾ በምትባል የጣልያን መንደር ድርቆሽ፣ በሬና አህያ አስመጥቶ ግርግም አዘጋጅቷል። ሕዝቡ የቤተ ልሔምን ሌሊት በዓይኑ እንዲያይ ነበር ፍላጎቱ። ትልልቅ ሰዎችም እንዲህ ዓይነት ነገር ያስፈልጋቸዋል።

ከባዱ ሄሮድስ ነው። የቤተ ልሔምን ሕፃናት ያስገደለበትን ማቴዎስ 2፥16ን ለትንንሽ ልጆች ምን ብለን እንነግራቸዋለን? ብዙ ወላጆች ዘለውት ያልፋሉ፤ ለምን እንደሆነም ይገባኛል። እኔ ግን ሙሉ በሙሉ መዝለል ልክ አይመስለኝም። ለአምስት ዓመቱ እንዲህ አልኩት፦ "አንድ ክፉ ንጉሥ ሕፃኑን ሊጎዳው ፈለገ። እግዚአብሔር ለዮሴፍ በሕልም ነገረው። በሌሊት ተነሥተው ወደ ግብፅ ሄዱ።" በዚያው ቆምኩ። ለእሱ ይህ ይበቃዋል። ትልቋ ግን ራሷ አነበበችው። "ሌሎቹ ሕፃናትስ?" አለችኝ። መልስ አልሰጠኋትም። አብረን አዘንን። ቀጥሎ ያለውን ስለ ራሔል ልቅሶ የሚናገረውን ቃል አነበብኩላት። መጽሐፉም አለቀሰ እንጂ አልዘለለውም። ያን ቀን ማታ በሌሊት ከቤታቸው ለሚሸሹ ልጆች ጸለየች። እኔ አላዘዝኳትም። ጌታችን የመጣው እንዲህ ወዳለ ዓለም ነው። ልጆቻችን የሚሰሙት ገና መብራትና ስጦታ ብቻ ከሆነ፣ ክፉ ቀን ሲያዩ ይህ ሕፃን የሚያውቀው ሕመም አይመስላቸውም።

ስለ ስጦታ ካነሣሁ አይቀር አንድ ነገር ልበል። ቤት ውስጥ የምናስተምር ብዙዎቻችን ከሁለት ደመወዝ ወደ አንድ ወርደናል። በዚህ ሰሞን ያ ነገር ይቆረቁራል። ልጆቹ የሌሎችን ያያሉ፣ ይጠይቃሉ። ሉቃስ 2፥24ን አሳየኋቸው። ዮሴፍና ማርያም ሕፃኑን ወደ ቤተ መቅደስ ሲወስዱት ያቀረቡት ሁለት ዋኖስ ወይም ሁለት የእርግብ ግልገሎች ነው። ዘሌዋውያን 12፥8 ይህ ጠቦት ለመግዛት አቅም ለሌላት እናት የተፈቀደ እንደሆነ ይናገራል። ስምዖን ሕፃኑን በክንዱ ሲቀበለው የእርግቦቹን ቁጥር አላየም። እኛም "በዚህ ዓመት አቅማችን ይህን ያህል ነው" ብለን በግልጽ ነገርናቸው። ልጅ ከተደበቀበት ነገር ይልቅ የተነገረውን ይችለዋል።

ዘመድ ሲመጣስ? ይህን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። አንድ ሰው ልጁን ጭኑ ላይ ያስቀምጥና "እስቲ 7 ሲደመር 8 ስንት ነው?" ይለዋል። ልጁ በዚያች ደቂቃ ስሙንም ይረሳል። ከዚያ "ከሰው ካልዋሉ እንዴት ይሆናል?" የሚለው ይከተላል። እኔ ድሮ እሟገት ነበር። አሁን ቆላስይስ 4፥6ን ይዤ እቀመጣለሁ፦ ንግግራችን በጨው እንደ ተቀመመ በጸጋ ይሁን ይላል። የሚጠይቁን አብዛኞቹ ልጆቻችንን ስለሚወዱ ነው። ጥያቄውን እንደ ፍቅር ብንቀበለው ግማሹ ሸክም ይቀላል። ለልጁ ግን እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ አቅፋችሁ "አንተ ፈተና ላይ አይደለህም" በሉት። እሱ ይህን መስማት ያስፈልገዋል።

ደግሞ ትችታቸው ውስጥ እውነት ካለ እንስማው። ልጆቻችን ቤት ስለሚማሩ ሰው በራሱ አይመጣላቸውም፤ እኛ ነን ይዘናቸው መውጣት ያለብን። በዚህ ሰሞን ብቻዋን የምትውል አንዲት አረጋዊት እናት አትጠፋም። በቤተ መቅደስ የነበረችውን አረጋዊት መበለት ሐናን አስታውሱ፤ ሉቃስ 84 ዓመት የሚለውን ቁጥር ሳይቀር ጽፎላታል። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ቄሬኔዎስ ላይ ቢደናቀፉም እሷ ፊት በቃላቸው ይበሉላት።

አባቶች ሆይ፣ ለእናንተም አንድ ቃል አለኝ። ዮሴፍ በወንጌል ውስጥ የተናገረው አንድም ቃል አልተጻፈም። ግን "ተነሥቶ" የሚል ደጋግሞ ተጽፎለታል። ከእንቅልፉ ተነሥቶ የታዘዘውን አደረገ፤ ተነሥቶ በሌሊት ሕፃኑንና እናቱን ያዘ፤ ተነሥቶ ወደ እስራኤል አገር ገባ። ደክሟችሁ እንደምትገቡ አውቃለሁ። ባለቤቴም እንዲሁ ነው። ረጅም ትምህርት አያስተምርም። ማታ መብራት ጠፍቶ አልጋቸው ጫፍ ላይ ይቀመጥና አሥር ቁጥር ያነብላቸዋል። በስልኩ ብርሃን። አንዳንዴ አምስተኛው ቁጥር ላይ ድምፁ ይጎተታል። "ስትተኛም" የሚለው የእሱ ድርሻ ነው፤ ልጆቹም ያን አሥር ቁጥር ከእኔ የጠዋት ትምህርት ሁሉ አብልጠው ያስታውሱታል።

ያን 9ኛውን ቀን ማታ ቤቱ ጸጥ ሲል መሬት ላይ የተዘረገፈውን ልብስ ሰበሰብኩ። ትልቋ አልጋዋ ላይ ሆና ለራሷ በሹክሹክታ "ቄሬኔዎስ፣ ቄሬኔዎስ" ስትል እሰማታለሁ። ልብሱን የማደርግበት አጥቼ ወደ ወንዱ ልጄ ክፍል ገባሁ። ቅርጫቱ ከአልጋው አጠገብ ነው። አንድ እጁን ከአልጋው አውርዶ ፎጣው ላይ አሳርፏል። የተኛ መስሎኝ ቀስ ብዬ ላነሣው ስል ዓይኑን ከፈተ።

"ቅርጫቱን እፈልገዋለሁ፣ የኔ ጌታ" አልኩት።

"ገና አልነቃም" አለኝ።

ልብሱ ወንበር ላይ ተከምሮ አደረ።